ጥም ቆራጭ

ልጄ ደርበው ከሰሊጥ አጨዳ በተመለሰ በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ሲሄድ ብዙ ነገር ፈርቼለት ነበር። መኪናው ይገለበጣል ብዬ ፈራሁ። እባብ፣ ወባ፣ ካላዛር፣ የወንዝ ሙላት፣ ከሰው ጋር ጠብ፣ በጠራራ ፀሐይ ራሱን ስቶ መውደቅ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ እያሰብኩ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ባሌ በሕይወት ሳለ "አንቺ ሴትዮ፣ ሰርግ ቢጠሩሽ እንኳ አስከሬኑ የቱ ጋ ነው ትያለሽ" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ልጄ ግን በእግሩ መጥቶ በር ላይ ቆሞ "እማ፣ መጣሁ" ሲለኝ ፍርሃቴን እንደ ነጠላ አውልቄ ጣልኩት። በዕድሜዬ መፍራት ያቆምኩት ያን አንድ ቀን ነው።

ውሃ ሰጠሁት። "አልጠማኝም እማ" አለኝ። ጠላ ቀዳሁለት፣ ከንፈሩን አስነክቶ መለሰው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ አየሁና ለእንየው ደወልኩ። እንየው የአጨዳው ካቦ ነው፤ የደርበው የክርስትና አባትም ነው፤ አጥራችንም አንድ ነው። እሱ ገና ቆላ ነበር፣ የካምፑን ዕቃ እያስረከበ።

"አበልጄ፣ ልጁ ውሃ አልጠጣ አለኝ" አልኩት።

ከጀርባው የካምፑ ዕቃ ሲቆጠር ይሰማኛል።

"ካልጠማው ተይው" አለኝ። "ደክሞት ነው።"

ተውኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ያለ ውሃ እንደማይኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ልጄ እየሳቀ አልጠማኝም ሲለኝ፣ የክርስትና አባቱም ደክሞት ነው ሲለኝ፣ ማንን ልጠራጠር?

በስምንተኛው ቀን ተሸክመን ከተማ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነርሷ ማጅራቱ ላይ መሣሪያ አሳለፈች፣ አረንጓዴ መብራት በራ። "ጥም ቆራጩ እየሠራ ነው" አለች፤ አጫጅ ውሃ እንዳያሰኘው ማጅራቱ ውስጥ የሚቀብሩት ነገር ነው፣ ሲመለስ መነቀል ነበረበት። "ታዲያ ንቀይዋ!" አልኳት። "የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ያለ ደብዳቤ አንነካም" አለችኝ። አጨዳውን የሚያሠራው ድርጅት ጋ ደወልኩ። የሚያነሳው ሰው አይደለም፣ ድምፅ ነው። "ደርበው ጥሩነህ፤ ጥም ቆራጭ፤ ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን ተነቅሏል። ለተነቀለ ዕቃ ደብዳቤ አይጻፍም። ሌላ ምን ልታዘዝ?" አለኝ። ደጋግሜ ደወልኩ። ሁሌም ሌላ ምን ልታዘዝ ይለኛል። በማግስቱ ልጄ ከንፈሩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ፣ እስከ መጨረሻው "አልጠማኝም" እያለ አረፈ።

ተነቅሏል የሚለውን ቃል ማሽን አይጽፈውም። የሰው ጣት ነው የሚነካው። በአርባው ተዝካር ላይ እንየውን ጠየቅኩት። ከእኔ በላይ አልቅሶ ነበር። "ረዳቴ ነው የተሳሳተው፤ አባረውታል" አለኝ። ስሙን ስጠይቀው የሩቅ አገር ልጅ ነው፣ ረስቼዋለሁ አለ። በእኛ አገር ደም ይመለሳል። ከማን እንደሚመለስ ግን መታወቅ አለበት። ያን ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ያንን የጣት ባለቤት ነው፤ በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ።

በ2066 ዓ.ም. ፍልሰታ በተፈታ ማግስት የአጨዳው ምዝገባ መንደራችን አጋም ሜዳ ገባ። ሹፌር የሌለው መኪና የቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ እንየው ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ለወጣት መሬት መስጠት ከቀረ አርባ ዓመት ስላለፈው የሚሰለፈው ብዙ ነው። ተራው የደረሰ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ መስታወቱ ሰውነቱ ስንት አጨዳ እንደቀረው ይነግረዋል።

"ስንት አለህ?" ይላል አንዱ።

"ሰባት።"

"ሰባት ብቻ? እኔን አሥራ ሁለት ብሎኛል። የአማቼን ልጅ እንዳትጠይቃት፣ ከአሥር በታች አይሰጡም።"

መዳፌን አሳረፍኩ። ሁለት አለኝ።

"አበልጄ፣ አንቺ ቤትሽ አርፈሽ ብትቀመጪ ይሻላል" አለ እንየው፣ ቀና ሳይል።

"ቤቴ ማን አለና?"

"ፀሐዩን አትችይውም።"

"መስታወቱ ሁለት ዓመት ትችላለች ብሏል። አንተ ከመስታወቱ ታውቃለህ?"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እንየው ከወገቡ ሳጥኑን ፈታና ማጅራቴን እንድሰጠው ነገረኝ። የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ስትገባ እንደ ትንኝ ትነክሳለች። የምፈልጋት ጣት እሷ መሰለችኝ። ወይም እንድትሆን ስለፈለግኩ ይሆናል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ውሃ ለእኔ እንደ ግድግዳ ሆነ፤ ታየዋለህ፣ ምንም አይልህም። ያን ጊዜ ነው ልጄ እንዳልዋሸኝ የገባኝ። በእውነት አልጠማውም ነበር።

ካምፑ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ነው። ሰባ ሰው ሆነን ገባን፤ ፍሬው ሲደርስ ስልሳ ሁለት ቀረን። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድርጅቱ በጆሯችን ያስገባት ድምፅ ትቀሰቅሰናለች። "እንደምን አደሩ እናቴ። ዛሬ አርባ ስምንት ዲግሪ ነው። ሰደርያዎን ያጥብቁ።" ለየሰው ዕድሜና ጠባይ የሚስማማ አጠራር አላት። ትርንጎ የምትባል ከአጠገቤ የምታጭድ ልጅ "እኔን እህት ዓለም ነው የምትለኝ" ትል ነበር። "የገዛ እጮኛዬ በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ አላለኝም። አጨዳው ሲያልቅ እሷን ነው የማገባ።"

ሰደርያው ሥራህን ያውቃል። ስትፈጥን ይላላል፣ ስትዘገይ ቀስ ብሎ ያቅፍሃል። በጣም ስትዘገይ አጥብቆ ያቅፍሃል። ውሃ ጠዋትና ማታ ይታደላል፣ ግማሽ ግማሽ ሊትር። መሀል ላይ አይሰጥም፣ የሚጠይቅም የለም። ድሮ ሰው ውሃ ሊጠጣ ቀና ሲል ወሬ ይጀምራል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ሰማዩን ያያል። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ብዙ ልጆች የጠዋቷን ድርሻ እንኳ ሳይነኳት ጥለዋት ይሄዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዱ ዱብ ይላል፤ አንስተው ጥላ ውስጥ ያስተኙታል፤ ስሙ በማግስቱ አይጠራም።

ለምን ሰው እንደሚያሳጭዱ የሚጠይቅ ካለ፣ ሰሊጥ ማሽን አይወድም። ፍሬው ሲደርስ ከታች ጀምሮ አፉን ይከፍታል። ማሽን ሲነካው ይረግፋል፤ ንፋስ ሲነካውም ይረግፋል። ከንፋሱ በፊት ቀስ ብሎ አጭዶ፣ ነዶውን አስሮ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም የሰው እጅ ብቻ ነው። ለዚያም ያለው ጊዜ አጭር ነው። አባቴ "ሰሊጥና ምጥ ቆይ አይባሉም" ይል ነበር።

ከመካከላችን ቄስ ልሳኑ ነበሩ፤ የደብራችን ቄስ፣ ደርበውን ፍትሐት ያደረጉለት። ምእመኑ ሁሉ ለአጨዳ ሲወርድ ደብሩ ባዶ ስለቀረ እሳቸውም ጥምጥማቸውን ፈተው ማጭድ ያዙ። አንድ ቀን ቀድሞ የደረሰውን ማሳ ስናጭድ ጠጋ ብዬ "አባ፣ አውጫጭኝ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"በልጅነቴ አያቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሳም።"

"ይቀመጥልኝ።"

ማጭዳቸውን አቁመው አዩኝ። ሰደርያቸው ሲያቅፋቸው አየሁ። "መቼ?" አሉ።

"የትልቁ እርሻ ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲል።"

ከስልሳ ሁለታችን መካከል ያን ዓመት ከየአጨዳው የተመለሰ ሰው ደርቆ ሲሞት ያላየ አልነበረም። የትርንጎ እህት እንዲሁ ሞታለች። ስለዚህ ብዙ መለመን አላስፈለገኝም። የፈራሁት ሌላ ነው። ውሃ ይከለክሉናል፤ እኛም አይታወቀንም፤ እየሳቅን እናልቃለን። ስፈራ ደግሞ ዝም ብዬ አልፈራም። ከካምፑ ጀርባ ባለው ደረቅ ወንዝ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አሸዋውን በእጄ ጫርኩት። ክንድ ያህል እንደቆፈርኩ ውሃ አቀረረ። እኔና ትርንጎ ሰባት ጀሪካን ሞላንና አሸዋ ውስጥ ቀበርናቸው። ለሁሉም አንድ ነገር አስተማርኩ፤ ማጭዴ ጀሪካን ሲመታ ስትሰሙ፣ ጠማችሁ አልጠማችሁ፣ ትጠጣላችሁ።

"እትዬ አንጓች እንደ ጥጃ ልታጠባን ነው" አለች ትርንጎ።

"ጥጃ እንኳ ሲጠማው ያውቃል" አልኳት።

ጥቅምት ስምንት ቀን የትልቁ እርሻ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሆኖ ጫፉ መሰንጠቅ ጀመረ። ጠዋት ውሃችንን ተቀበልንና ወደ እርሻው ሳይሆን ወደ ዛፉ ሄድን። "እናቴ፣ አቅጣጫዎ ተሳስቷል" አለች ድምፅዋ። "እናቴ፣ አቅጣጫዎ ተሳስቷል።" ሰደርያው አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ አቀፈኝ። ትርንጎ በማጭዷ ማሰሪያውን በጠሰችልኝ፣ ከዚያ የራሷን፣ ከዚያ የሁሉንም። ሰደርያዎቹን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልናቸው። በባዶው አየር ላይ እየጠበቁና እየላሉ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ቄስ ልሳኑ በዱላ አሸዋው ላይ ዙሪያውን መስመር አሰመሩ፤ በመንገዱ በኩል ብቻ ክፍት ተዉት።

"አውጫጭኝ ተቀምጧል" አሉ። "የዚህች እናት ልጅ ላይ ተነቅሏል ብላ የነካች ጣት እስክትታወቅ ከዚህ መስመር የሚወጣ የለም። የወጣ፣ እሱ ነው። እሱን ያስጠጋ፣ እሳት ያጫረው፣ ሲሞት አፈር ያለበሰው የተወገዘ ይሁን።"

"አሜን" አለ ሰው።

"አባ፣ ለሽንትስ?" አለ አንድ ጎረምሳ።

ቄስ ልሳኑ አሰብ አደረጉና መስመሩን እስከ ቁጥቋጦው አሰፉት።

እንየው በሞተር መጣ። ከሩቅ እየጮኸ ነበር። "ምንድን ነው ይሄ? ሰሊጡ ሊረግፍ ነው! ተነሱ!" ሲቀርብ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ቄሱ ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሽማግሌ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። እንየው ካቦ ቢሆንም የአጋም ሜዳ ልጅ ነው፤ ቄስ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ቆሞ መናገር ከእናቱ ቤት ጀምሮ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀ። መስቀል ተሳለመ። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና "እስቲ አባ፣ በወግ እንነጋገር" አለ።

ቄስ ልሳኑ ብድግ ብለው ከጀርባው ያለውን መስመር ዘጉት።

እንየው መስመሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"አባ፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሁላችንም ሥራ ላይ ነን። መነሳት ትችላለህ፤ የሚይዝህ የለም። መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ግን ታውቃለህ።"

ቤቱ አጋም ሜዳ ነው። ሚስቱ ዘርፌ እዚያ ናት፣ እናቱ የተቀበረችው እዚያ ነው። ማቀዝቀዣ እስካለው ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አልተነሳም።

በወጉ መሠረት እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ "ወፏ ነገረችን" ነው የሚባለው። ስልሳ ሁለት ሰው ሄዶ ተመለሰ። ግማሹ ምንም አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም ሄዷል። እንየውም ሄደ። ምን እንዳላቸው አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ የድርጅቱ ድሮን መጥቶ ከላያችን ቆመ። የውሃ ቦቴው ከካምፑ ወጥቶ ሲሄድ አየነው። "ውድ ሠራተኞቻችን" አለ ድሮኑ በዚያችው በምናውቃት ድምፅ። "ውሃ የሚቀርበው በሥራ ቦታ ብቻ ነው። ሲጠማችሁ ተመለሱ።"

ትርንጎ ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ሳቀች። "ሲጠማችሁ! ሲጠማችሁ አለችን! አንቺ እብድ፣ ራስሽ ቆርጠሽው!"

ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔ ማጭዴን አንስቼ ጀሪካኑን መታሁ። ስልሳ ሁለት ሰው፣ አንዱም ሳይጠማው፣ እንደ መድኃኒት እየጨለጠ ጠጣ። በየሰዓቱ መታሁ። በየሰዓቱ ጠጡ።

ከመካከላችን የሚጠማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካቦ ጥም ቆራጭ አይደረግለትም፤ ካቦ ቢሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አለው። ውሃ የሞላ ጆግ ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩለት።

"አልከለከልንህም" አልኩት። "ስሙን ተናገርና ጠጣ።"

"ረዳቴ ነው አልኩሽ እኮ፣ አበልጄ።"

"ስሙስ?"

ጆጉን አየ። ጀሪካኑን ስመታ ጉሮሮው ይንቀሳቀስ ነበር። ማታም እንዲሁ ተቀመጥን፣ ነጋ። በሁለተኛው ቀን ከንፈሩ ነጣ፣ ምላሱ አፉ ውስጥ ሲዞር ይሰማል። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ቀን አስታምሜዋለሁ። አዘንኩለት ማለት እፈልጋለሁ፤ አላዘንኩለትም። ይልቅስ ትክክል አይደለም ብዬ አሰብኩ። እሱ እኮ ይሰማዋል። ውሃ ሲያይ ያውቀዋል። ልጄ ይህን እንኳ አላገኘም።

እኩለ ቀን ሲሆን ከእርሻው በኩል ንፋስ መጣ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ያልገባን ድምፅ ተሰማ፤ ሩቅ ቦታ ዝናብ እንደሚዘንብ። ሰሊጡ ነው። መርገፍ ጀምሯል። እንየው ወደዚያ ዞሮ ሲያይ የሆነ ነገር ከፊቱ ላይ ወረደ። ቄስ ልሳኑ ተነሱ።

"ወፏ ጣቷ የት እንዳለች አውቃለሁ ትላለች" አሉ። "በዚህ መስመር ውስጥ ናት። ስሙን ግን ባለቤቱ ይናገር ትላለች።"

"እኔ ነኝ" አለ እንየው።

እሱ አሸዋውን እያየ ቀጠለ። "አንዱን ሰው ለመንቀል ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መኪናው ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ተሳፈረ አልተሳፈረ ይሄዳል። ያልተነቀለለትን ደግሞ አያሳፍርም። ሌሎቹን ሁሉ ነቀልኩ። ደርበው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ተራውን ለሌላ ለቅቆ። ሰዓቱ አለቀብኝ። አንተ የእኔ ልጅ ነህ፣ አገር ቤት ስመጣ እነቅልልሃለሁ አልኩት። እሺ ጋሼ አለኝ። ተነቅሏል ብዬ ነካሁለትና ተሳፈረ።"

"ስደውልልህስ?" አልኩት።

"ስትደውይ አስታወስኩ።"

"አስታውሰህ?"

"ስልኩ የድርጅቱ ነው። ይሰማሉ። ተነቅሏል ያልኩትን አልተነቀለም ብል ካቦነቴ... ሁለት ሳምንት ነበር የቀረኝ። ይቆየኛል ብዬ ነው። ወጣት ነው፣ ይቆየኛል አልኩ።" አሁን አየኝ። "አበልጄ፣ በደብረ ጽዮን ማርያም ይሁንብሽ፣ ውሃ ስጪኝ።"

"መጀመሪያ የሰዉን ንቀል" አልኩት።

መንቀያውን ከሳጥኑ አወጣ። ስልሳ ሁለት ሰው ተሰለፈ። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ቆሜ ቆጠርኩ፤ አንድም ሰው ላይ አላለፈም። ሦስት ደቂቃ ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። እሳት ላይ ያለ ወተት ለማየት ሄጄ የምመለስበት ያህል ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ማጅራቴን ሰጠሁት። ምስሯ ስትወጣ ጥማቱ እንደ ጎርፍ መጣ፤ የሁለት ወር ጥማት በአንድ ጊዜ፣ ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ። ዞር ብዬ ሳይ ሰው ሁሉ ጉድጓዱ ላይ ተደፍቶ እየጠጣ ያለቅሳል። ትርንጎ በሁለት እጇ አሸዋውን እየቆፈረች "ውሃ ነው! እትዬ፣ ውሃ እኮ ነው!" ትል ነበር፣ ስሙን አዲስ እንደተማረች።

ሁሉም ሲያልቅ ጆጉን ለእንየው ሰጠሁት። ቃሌን አላጠፍኩም። ጠጣ። ደግሜ ቀዳሁለት። ሦስተኛውን ሲጨርስ ከሳጥኑ አንዲት አዲስ ምስር አወጣሁ።

"አንገትህን ስጠኝ" አልኩት።

ሰዉን ዞሮ አየ። ማንም አልያዘውም። ማንም ግን መንገድ አልለቀቀለትም።

"አንጓች፣ ይበቃል" አሉ ቄስ ልሳኑ።

"አባ፣ ምን አደረግኩት? ውሃ አልከለከልኩትም። አልመታሁትም። ሁላችን አንገት ላይ ያደረገውን ነው።"

ቄሱ ፊታቸውን አዞሩ። እንየው አንገቱን ደፋ። ምስሯን ማጅራቱ ላይ ተከልኩ። ከዚያ መንቀያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በሌላ ድንጋይ መታሁት፤ በሦስተኛው ተሰበረ። አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ ፊቱ አኖርኩለት።

"ውሃው ያውልህ" አልኩት። "ሲጠማህ ጠጣ።"

ከጀርባችን እርሻው በሙሉ እየዘነበ ነበር።

ድርጅቱ ሁላችንንም በዚያው ቀን አሰናበተ። ለረገፈው ሰሊጥ ጥፋተኛ ያደረገው ግን እንየውን ነው፤ መዝገቡ እሱ መስመር ውስጥ ሁለት ቀን እንደተቀመጠ ይናገራል። አገር ቤት ሲገባ ጤና ጣቢያ ሄደ። የድርጅቱ ንብረት ነው፣ ያለ ደብዳቤ አንነካም አሉት። ድርጅቱ ጋ ደወለ። በእርስዎ ስም የተደረገ ጥም ቆራጭ የለም፣ ሌላ ምን ልታዘዝ አለው ድምፁ። ጥም ቆራጭ ካልተነቀለ አሥራ ስምንት ወር ይሠራል።

ስለዚህ ስልኩን በየሰዓቱ እንዲጮህ አደረገው። በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ሲጮህ እንየው ተነስቶ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ ይቀመጣል። ሲጮህ ይጠጣል፣ ይቀመጣል። እርሻ ሲሄድ ስልኩ ይጮሃል፣ ቅዳሴ ላይ ይጮሃል፤ ሰው ዞሮ ያየዋል። እኔም እቤቴ ሆኜ አብሬው እቆጥራለሁ። ከድሮ ጀምሮ የክፉ ነገር መምጫ መጠበቅ እችልበታለሁ።

በየካቲት ወባ ያዘው። ሁለት ቀን ስልኩ ሲጮህ ሰማሁ፤ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዘርፌ በአጥሩ ክፍት በኩል መጣች። ደርበውን እያጠበች ያሳደገችልኝ፣ ስትወልድ ያዋለድኳት ሴት ናት። አውጫጭኙ ላይ ምን እንደሆነ እንየው አልነገራትም፤ እኛም አልነገርናትም። ብርጭቆ እንደያዘች ነበር፤ ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው።

"አበልጄ" አለች። "ያ የስልክ ጩኸት እንቅልፍ ነሳው ብዬ አጠፋሁት። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ውሃ ስሰጠው አልጠማኝም ይለኛል። ሽንቱም ጠቁሯል። ምን ላድርግ?"

ብርጭቆውን አየሁት። እሷንም አየኋት።

"ካልጠማው ተይው" አልኳት። "ደክሞት ነው።"